በንብረት መዝገብ ያልሰፈረው ቀንድ

ክሊራንስ የሚባለውን ወረቀት ይዤ ወደ ንብረት ክፍል የገባሁት ከመሥሪያ ቤቱ ለመሰናበት አንድ ፊርማ ብቻ ሲቀረኝ ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ጽጌ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አውርደው ያስረከብሁትን ዕቃ አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር አመሳከሩ። ሁለት ነጭ ጋዋን፣ አንድ የበረዶ ሣጥን፣ አንድ የመሳቢያ ቁልፍ። ከመሳቢያው ግርጌ ግን በካርዱ ላይ የሌለ ነገር ወጣ።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ቀንድ ነው።”

“ቀንድ መሆኑንማ አየሁት፣ ዓይን አለኝ። በማን ስም ነው የወጣው?”

“በማንም ስም አልወጣም።”

“በማንም ስም ያልወጣ ዕቃ እዚህ ቤት የለም፣ የኔ ልጅ። ትርፍ ከጉድለት ይብሳል። ጉድለት ቢሆን ፈልገህ ታመጣለህ፤ ትርፉን እኔ የት ላድርሰው? በል፣ አመጣጡን በጽሑፍ አስረድተህ ከምሳ በኋላ ና።”

የጠየቁኝ ሦስት መስመር ነው፤ ሦስት መስመርም ጻፍሁላቸው። የሚከተለው በሦስት መስመር ውስጥ ያልገባው ነው።

ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ስላለፈ የሥራ ዘመኑ ሲጽፍ ድፍረት እንደሚመስል አላጣሁትም። ነገር ግን ሙያ የሚያልቀው በዕድሜ ብቻ አይደለም። በመጣው የአሠራር ለውጥ፣ ቢፒአር ይሉት በነበረው፣ ክፍላችን ከሌላ ክፍል ጋር ተቀላቀለ፤ አለቃዬ ጡረታ ወጡ፤ እኔም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ተቀጠርሁ። በዚህ አልተከፋሁም። የተማርሁትን ለማስተማር የበቃሁት በዚያ ክፍል ውስጥ በሠራሁት ሥራና በሠራሁት ስሕተት ነውና።

ክፍሉ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ጥግ ላይ የነበረ፣ ሦስት መስኮት ያለው የምርምር ቤት ነበር። በመስኮቱ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ የእግራቸው ኮቴ ይሰማል። ሥራችን ኢንዛይሞችን መለካት ነበር። ኢንዛይም በሕያው አካል ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ሠራተኛ ነው ብል አላጋነንሁም። ጉበት በደኅና ጊዜ ሠራተኞቹን በቤቱ ይይዛል፤ ሲጎዳ ወደ ደም ያፈስሳቸዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ የፈሰሱትን መቁጠር የጉበትን ስሞታ እንደ መስማት ነው።

አለቃዬ ዶክተር አስካለ የባዮኬሚስትሪ ሰው ናቸው፤ ሐኪም አይደሉም፤ ይህንንም ለመጣው ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥለው ይናገራሉ። ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ፣ ቀልዳቸውን ሳይስቁ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ሥራ ሳይጀምሩ ቀለበታቸውን አውልቀው በአንዲት ክዳን ላይ ያኖራሉ። ብልቃጡን ሁሉ በቀጭን አሲድ ያሳጥባሉ፤ ከኢንዛይሞቹ ሌላ በደም ውስጥ ያለውን ብረትም እንለካ ስለነበር፣ ከቧንቧ ውኃ ወይም ከአቧራ የገባ ብረት የሰውየውን ብረት ይመስላልና። በብርሃን መለኪያው ላይ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ምንም ደም የሌለበትን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ያነብባሉ።

“መጀመሪያ ባዶውን አንብብ” ይሉኝ ነበር። “ባዶው ምን እንደሚል ያላወቀ፣ ሙሉው ምን እንዳለ አያውቅም።”

ከልማዶቻቸው ሁሉ ግን ሁለቱ ለዚህ ታሪክ ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የመዝገብ አያያዛቸው ነው። የመዝገባቸው እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራው “ያየሁት”፣ በቀኙ “ያሰብሁት” ይላል። አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ ካገኙ ገጹን እንደገና ያስጽፋሉ። ሁለተኛው ለቃላት ያላቸው ጥርጣሬ ነው። በመጠይቃችን ላይ “ጾመው ይምጡ” ተብሎ ታትሞ የነበረውን በብዕር ሰርዘው “ከውኃ በስተቀር ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ” ብለው ጽፈውበታል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው አንድ ዲያቆን ሽሮውን በልቶ መጥቶ “በጾሜ ነው ያለሁት” ብሎ በሙሉ እምነት ደሙን እንዳስቀዳ ነገሩኝ።

“ሰውየው አልዋሸም” አሉ። “ቃል እንደ ብልቃጥ ነው፤ ሳይታጠብ አይቀዳበትም።”

በዚያው ገጽ፣ ከዚያው ጥያቄ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ “ደም ሰጥተው ያውቃሉ?” የሚል ጥያቄ ነበር። እርሱን ግን እርሳቸውም እኔም አላጠብነውም።

በሁለተኛው ዓመቴ አቶ ንጉሤ የተባሉ የቀበሌ ጸሐፊ ከሐኪማቸው ወደ እኛ ተላኩ። ለጋሲዮን አካባቢ የሚኖሩ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚያገለግሉ ጴንጤቆስጤያዊ አማኝ ናቸው። ፊታቸው ጠቁሮ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፤ ስኳር ይዟቸዋል፤ ጉበታቸው አብጧል። ደማቸውን ስንለካ ብረቱ ከልኩ እጅግ አልፎ ተገኘ። ሕመሙ በዘር የሚመጣ የብረት ክምችት ነበር።

ይህን ሕመም ለማስረዳት ዶክተር አስካለ አንድ አነጋገር ነበራቸው፤ የሰው አካል ብረትን የሚያስገባበት በር አለው፣ የሚያስወጣበት በር ግን የለውም። በጤነኛ ሰው ዘንድ የመግቢያው በር ዘበኛ አለው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ዘበኛው ከውልደት ጀምሮ ተኝቷል። ስለዚህ ብረቱ ዓመት በዓመት በጉበት፣ በልብ፣ በመገጣጠሚያ ይከማቻል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ደም ማውጣት። ደም ብረትን ይዞ ይወጣልና።

ሕመሙ የዘር ስለሆነ የወንድማቸውን ደም ማየት ነበረብን። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ተሰማ እንጦጦ ላይ ገብስና ድንች እየዘሩ፣ ባሕር ዛፍም እየሸጡ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የበረዶ ሣጥኔን አንግቼ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። አቶ ተሰማ ከአጥራቸው በር ላይ ቆመው እጄን ሲጨብጡኝ ጣቶቼ ተንቋቁ፤ ያን የመሰለ ጭብጥ ነበራቸው።

“ና ግባ፣ ዶክተር!” አሉኝ። ዶክተር አለመሆኔን መናገር ነበረብኝ። ጋዋኑ አማረኝና ዝም አልሁ።

መጠይቁን እያነበብሁ መልሱን ጻፍሁ።

“ደም ሰጥተው ያውቃሉ?”

“ደሜን? ለማን ብዬ ነው የምሰጠው?” ብለው ሳቁ። “ባሕር ዛፍ ነው የምሸጠው እኔ።”

“አልሰጡም” ብዬ ጻፍሁ።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ ከማጅራታቸው በታች በረድፍ የተደረደሩ ትናንሽ ጠባሳዎች አየሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ዓይኔን ተከትለው “ዋግምት ነው” አሉኝ። “በየወሩ ካልታገመ አይሆንለትም። ይከብደኛል ይላል፣ ያጉረመርማል፣ ከኔም ጋር ይጣላል። አራት ቀንድ ሙሉ ሲወጣለት ነው ሰው የሚሆነው።”

“አባታችንም እንዲሁ ነበሩ” አሉ አቶ ተሰማ። “ንጉሤም ዱሮ አብሮኝ ይታገም ነበር። ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ጾሙንም ዋግምቱንም አንድ ላይ ነው የጣለው። እንግዲህ ደሙ ቢበላሽ ምን ይገርማል?”

ሦስታችንም ሳቅን። የዚህን ንግግር አንዲት ቃል በመዝገቤ አላሰፈርሁም፤ የወንድማማች መጎሻሸም እንጂ ማስረጃ አልመሰለኝም ነበር።

የአቶ ተሰማ ብረት ከልኩ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የጉበታቸው ኢንዛይሞች ደኅና ነበሩ። በ“ያሰብሁት” ረድፍ “ከሕመሙ ነጻ ናቸው” ብዬ ጻፍሁ። በ“ያየሁት” ረድፍ ጠባሳው መጻፍ ነበረበት፤ አልጻፍሁትም። ዶክተር አስካለ ገጹን አንብበው ፈረሙበት፤ ያልተጻፈውን ማንበብ አይችሉምና።

ውጤቱን ልነግራቸው ስወጣ ካነበብሁት ሁሉ የተሰበሰበ ምክር ይዤ ነበር። ያ ዘመን ምላጭ በጋራ መጠቀም ኤች አይ ቪ እንደሚያስተላልፍ በሬዲዮ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የሚነገርበት ዘመን ነበር። “አቶ ተሰማ፣ ጤነኛ ነዎት” አልኋቸው። “ዋግምቱን ግን ይተዉት። ምላጩ በሽታ ያስተላልፋል፤ ጎጂ ልማድ ነው።”

“ሲከብደኝስ?”

“ልማድ ሆኖብዎት ነው። ይተውዎታል።”

“እሺ፣ ዶክተር ካለ” አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት መልካም ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ኢንዛይሙን በበረዶ ሸፍኖ መጠበቅን፣ ብልቃጥ በመስኮት ብርሃን ሲታይ መታጠቡን መለየትን ተማርሁ። አቶ ንጉሤ በሐኪማቸው ትእዛዝ ደም እየተቀዳላቸው ፊታቸው እየጠራ ሄደ። የክፍላችን ስም ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ቅጾቹም አብረው ተለወጡ። እኔም በዳገቱ ላይ ስመላለስ አንዳንዴ አቶ ተሰማን ከሩቅ እጅ እነሣቸው ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ አቶ ንጉሤ ለክትትል በመጡበት ጠዋት፣ ታላቅ ወንድማቸው አብረዋቸው መጡ። ወደ ላምበረት ሄደው ወደ አገር ቤት የሚሳፈር ዘመድ ለመሸኘት እግረ መንገዳቸውን ነው የገቡት። እጄን ዘረጋሁ። አቶ ተሰማ የእጃቸውን አንጓ ዘረጉልኝ።

እጁ በሥራ የቆሸሸ ወይም እርጥብ የሆነ ሰው አንጓውን እንደሚዘረጋ አገር ያውቃል። እኔም አንጓቸውን ያዝ አድርጌ ወደ ሥራዬ ዞርሁ። ወደ አመሻሹ መዝገቤን ስጽፍ፣ በ“ያየሁት” ረድፍ፣ ከልማድ የተነሣ፣ “ታላቅ ወንድማቸው አብረው መጥተው ነበር፤ አንጓቸውን ዘርግተው ሰላም አሉኝ” ብዬ አሰፈርሁ። ብዕሬን ሳላነሣ ቆምሁ። አቶ ተሰማ ለሽኝት ለብሰው ነበር የመጡት። ነጭ ጋቢ ነው የለበሱት። እጃቸው ንጹሕ ነበር።

ዶክተር አስካለ ወንበራቸውን ስበው መጡና መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበቧት።

“የትኞቹ ጣቶች ናቸው?” አሉኝ።

“አላየሁም።”

“የሌባ ጣትና የመሐል ጣት እንደሆነ፣ ብረት ነው። እዚያ መገጣጠሚያ ላይ ይወዳል።” ከዚያም የድሮውን ገጽ አውጥተው ፊቴ ዘረጉ። “ይኸው፣ ነጻ ናቸው ብለህ ጽፈሃል። እኔም ፈርሜያለሁ። በዚያ ቀን ሌላ ምን አይተህ ነበር?”

ያን ጊዜ ጠባሳውን ነገርኋቸው። አራቱን ቀንድ፣ የወሩን ልማድ፣ የአባታቸውን፣ የወንድማቸውን መተው፣ የወይዘሮ አበበችን ቃል፣ በመጨረሻም ምክሬን። ዶክተር አስካለ ቀለበታቸውን ከክዳኑ ላይ አንሥተው እንደገና መለሱት።

“ስለዚህ” አሉ በዚያ ዝቅተኛ ድምፃቸው፣ “ሰውየው ራሳቸውን ሲያክሙ ኖረዋል። እኛ ደግሞ የመድኃኒቱን ውጤት ለክተን ሕመም የለም አልን፤ ከዚያ መድኃኒቱን ከለከልን።”

“ምላጩ ግን…”

“ምላጩን ማስተውህ ልክ ነው። ያስተውካቸው ግን ምላጩን ብቻ አይደለም።” ቀጠሉም፤ “ደም ሰጥተው ያውቃሉ ብለን ጠየቅናቸው። ዋግምት ደም መስጠት ነው? አይደለም። ሰጪ አለ እንጂ ተቀባይ የለም። እሳቸውም እንደ ዲያቆኑ አልዋሹም። ነገ ጠዋት ውጣና ንገራቸው። እርስዎ ይሂዱልኝ እንዳትለኝ።”

በማግሥቱ ዳገቱን ስወጣ የተሸከምሁት የበረዶ ሣጥን ባዶ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም። የምፈራው የሰውየው ጉበት እስከ የት እንደደረሰ ነው። ጉበት ከጠነከረና ከጠጠረ በኋላ ደም ቢወጣም ወደ ቀድሞው አይመለስም።

አቶ ተሰማ ከቤታቸው ደጅ በፀሐይ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። በመጨረሻም “ያሳመምሁዎ እኔ ነኝ” አልኋቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ አበበች ናቸው።

“ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ታገም፣ ታገም ስለው፣ ዶክተሩ ከልክሎኛል ይለኝ ነበር። ለመሆኑ አንተ ዶክተር ነህ?”

“አይደለሁም፣ እማማ።”

“ታዲያ ሲጠራህ አቤት የምትለው ለምንድን ነው?”

አቶ ተሰማ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩ ነበር፤ የሌባ ጣታቸውና የመሐል ጣታቸው አንጓ አብጦ ነበር።

“አበበች፣ ተይው” አሉ። “ምላጩን ሲለኝ እኔም ፈርቼ ነበር። ያ አጋሚ ለስንቱ በአንዱ ምላጭ እንደሚበጣ አውቃለሁ።” ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። “ሲከብደኝስ ብዬ ጠይቄህ ነበር። ትዝ ይልሃል?”

“ትዝ ይለኛል።”

“እሱን ብትጽፈው ኖሮ።”

ይህን ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡልኝ።

የዚያን ዕለት ውጤት ስናነብ ዶክተር አስካለ ባዶውን ብልቃጥ ሦስት ሳይሆን አምስት ጊዜ አነበቡ፤ በዚህም መጨነቃቸውን አወቅሁ። ብረቱ የወንድማቸውን ያህል ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። የጉበታቸው ኢንዛይሞች ከልኩ እጥፍ ያህል ፈስሰዋል። ሐኪሙ ግን መርምሮ፣ ጉበቱ ገና እንዳልጠጠረ ነገረን። ደርሰናል። ዶክተር አስካለ መጠይቁን አምጣ አሉኝና “ደም ሰጥተው ያውቃሉ?” የሚለውን ሰርዘው፣ “በማናቸውም መንገድ ደም ከሰውነትዎ ወጥቶ ያውቃል? በዋግምት፣ በነስር፣ በወሊድ፣ በቁስል?” ብለው በእጃቸው ጻፉ።

ሕክምናው በየሳምንቱ በንጹሕ መርፌ ደም መቅዳት ነበር። ነርሷ የመጀመሪያውን ከረጢት ስትሞላ አቶ ተሰማ በትዕግሥት አዩና “ይኼ ሁሉ ወዴት ይሄዳል?” አሉ። እንደሚወገድ ስትነግራቸው ቅር አላቸው። “ዱሮስ መሬት ላይ ነበር የሚፈስሰው። በሕክምና አገርም ይደፋል?”

ይህን ለዶክተር አስካለ ስነግራቸው፣ ለብዙ ጊዜ ሲመኙት የነበረ ሥራ ትዝ አላቸው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ በእምብርቱ ብረት የያዘ፣ በአካል ውስጥ የሚፈጠረውን መርዝ ወደ ውኃና ወደ አየር የሚለውጥ። እርሱን አጥርቶ ለማጥናት ብዙ ደም ያስፈልጋል። ዶክተር አስካለ ራሳቸው ሄደው ፈቃዳቸውን ጠየቁ፤ አቶ ተሰማም ከረጢቱ ከነበረዶው ወደ እኛ እንዲመጣ ፈቀዱ። አንድ ቀን በብልቃጥ ውስጥ ያለውን መርዝ አሳየኋቸው፤ ጥርት ያለ ውኃ ይመስላል። ከደማቸው የተጣራውን አንዲት ጠብታ ጨመርሁበት። እንደ ጠላ ድፍድፍ አረፋ ገንፍሎ ከአፉ ፈሰሰ።

“ይኼ የኔ ነው?” አሉ።

“የእርስዎ ነው። ብረቱ በቦታው ሲሆን እንዲህ ይሠራል።”

“ከቦታው ሲወጣ ደግሞ ጣት ያሳብጣል” አሉና ሳቁ። በዚያው ቀን ከጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ቀንዱን አወጡ። ጫፉ የተበሳ፣ በብዙ ዓመት ጭስ የጠቆረ፣ አጋሚው በአፉ ስቦ በሰም የሚደፍነው የጥጃ ቀንድ ነው። “የአባቴ ነበር። አሁን መርፌው አለኝ። አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ስትጠይቅ እንዳትረሳ።”

ብረቱ ከዓመት በላይ በፈጀ ጊዜ ወደ ልኩ ወረደ፤ ኢንዛይሞቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ክብደቱ ተዋቸው። የጣቶቹ ሕመም ግን አልተዋቸውም፤ መገጣጠሚያ የተጎዳውን አይመልስም። ክፍሉ ሊዘጋ ሲል የመጨረሻውን መጠይቅ እኔው ሞላሁላቸው። በተሰረዘው መስመር ላይ ጣቴን አሳርፌ፣ አዲሱን ትቼ፣ አሮጌውን ጥያቄ ሆን ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አቶ ተሰማ፣ ደም ሰጥተው ያውቃሉ?”

“አዎ” አሉ፣ ወዲያው። “ለእናንተ።”

ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ጽጌ ሦስቱን መስመሮቼን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ፦ “ይህ ቀንድ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይደለም። የአቶ ተሰማ አባት ንብረት የነበረ ሲሆን ለእኔ በአደራ ተሰጥቷል። ወደ አዲሱ ሥራዬ ይዤው እንድሄድ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።”

“ሰውየው አሁን ደኅና ናቸው?” አሉኝ።

“ደኅና ናቸው።”

“በል እንግዲህ፣ አደራ ከሆነ በካርድ አይገባም።” ማኅተሙን ከቀለሙ ጋር አጋጭተው ወረቀቴ ላይ አሳረፉ፤ ቀንዱንም በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። ልሰናበታቸው እጄን ስዘረጋ የእጃቸውን አንጓ ሰጡኝ።

ከመያዜ በፊት ጣቶቻቸውን አየሁ። የማኅተም ቀለም ነበረባቸው።